ሚኒራል ኪንግ፦ በችሎት የተረታው ክስና የተረፈው ሸለቆ

የካዊያ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር የሚነሣው በካሊፎርኒያ፣ ከሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች ደቡባዊ ክፍል፣ ሚኒራል ኪንግ ከሚባል ሸለቆ ነው። በ1870ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብር ፈላጊዎች ወደዚያ ጎርፈው ነበር። ያሰቡትን ያህል ሳያገኙ ተበተኑ፤ ትተውት የሄዱት ጠመዝማዛ የጋሪ መንገድና ጥቂት ጎጆዎችን ነው። ይሁንና ያ አጭር የማዕድን ዘመን ለኋላው መዘዝ ነበረው። የሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ በ1890 ሲከለል፣ የማዕድን ይዞታ አለበት ተብሎ ሸለቆው ከፓርኩ ውጭ ቀረ። ፓርኩ በ1926 ሲሰፋም የዱር እንስሳት መጠለያ ከመባል በቀር ወደ ፓርኩ አልገባም፤ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሆነ። ለደን አገልግሎት ደግሞ መሬቱን ለመዝናኛ ድርጅት በፈቃድ መስጠት የተለመደ ሥራው ነበር።

በ1965 አገልግሎቱ በሸለቆው የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ለሚገነባ ባለሀብት ጨረታ አወጣ፤ ያሸነፈው የዋልት ዲስኒ ድርጅት ነው። ዋልት ዲስኒ ራሱ ስለ ዱር እንስሳት በሠራቸው ዘጋቢ ፊልሞች የተመሰገነ ሰው ነበር። በ1966 መጨረሻ ሲሞት ድርጅቱ ሥራውን ቀጠለ። በጥር 1969 የጸደቀው የመጨረሻ ዕቅድ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ነበር፦ ሞቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ መዋኛ ገንዳዎች፣ የመኪና ማቆሚያዎች፣ በድምሩ በቀን 14,000 ጎብኚ የሚያስተናግድ ግንባታ፣ ያም ወንዙ በሚያልፍበት የሸለቆው ወለል ላይ።

የዚያን ጊዜው ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት በረጅም ጊዜ ፈቃድ ከ80 ኤከር (32 ሄክታር ገደማ) በላይ መስጠትን ይከለክል ነበር። ስለዚህ ሕንጻዎቹ የ30 ዓመት ፈቃድ በተሰጠው 80 ኤከር ላይ እንዲሰፍሩ፣ የተራራ ላይ ማንሻዎቹና መንሸራተቻዎቹ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ሊሰረዝ በሚችል ሌላ ፈቃድ እንዲያዙ ተደረገ። በሚሊዮኖች የፈሰሰበትን ግንባታ ነገ አንሣ የሚል ባለሥልጣን ይኖራል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ በኋላ ዕቅዱን በፍርድ ቤት የተቃወሙትም ያነሡት ይህንኑ ጥርጣሬ ነው። እንግዳው ወደ ሪዞርቱ እንዲደርስ ካሊፎርኒያ 32 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና ልትሠራ ነበር፤ ከፊሉም ብሔራዊ ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የከፍተኛ ኃይል መስመሩም እንዲሁ።

ሲዬራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በሰኔ 1969 ክስ መሠረተ። ይኸው ማኅበር በ1940ዎቹ መጨረሻ የሸርተቴ ሥፍራ በዚያ ቢሠራ አልቃወምም ብሎ ነበር፤ አቋሙን የለወጠው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1965 ነው። ሸለቆውን ከመጀመሪያው ያለ ማመንታት የጠበቀው አድርጎ የሚተርክ ሰው ይህን ዘልሎታል።

በሳን ፍራንሲስኮ የተሰየመው የፌዴራል ችሎት ዳኛ ዊልያም ስዋይገርት በዚያው ክረምት ግንባታውን አገዱ። በ1970 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግዱን ሻረ። ክርክሩም ከወንዙ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ፦ ይህን ክስ ለማቅረብ መብት ያለው ማን ነው? ክለቡ፣ አባሎቼ ሸለቆውን ይጎበኛሉ፣ ጉዳቱ ይነካቸዋል ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ሆን ብሎ ተወው፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዓላማው ብቻ ከሳሽ የመሆን መብት እንዲታወቅለት ፈለገ። አደገኛ ምርጫ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚከበር ነው፤ ምክንያቱም ከሳሽ የግድ ራሱ የተጎዳ መሆን አለበት ማለት፣ ማንም ሰው ረግጦት የማያውቅ ሸለቆ ጠበቃ የለውም ማለት እንደሆነ ገብቶት ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 19 ቀን 1972፣ አዲስ የተሾሙ ሁለት ዳኞች ሳይሳተፉ፣ በ4 ለ3 ድምፅ በክለቡ ላይ ፈረደ። ዳኛ ፖተር ስቱዋርት የጻፉት ፍርድ፣ የተፈጥሮን ውበት ማጣት በሕግ ፊት ጉዳት መሆኑን ይቀበላል፤ ከሳሹ ግን ራሱ ከተጎጂዎቹ አንዱ መሆን አለበት ይላል። በግርጌ ማስታወሻም ክለቡ ክሱን አሻሽሎ ማቅረብ እንደሚችል ጠቆመ።

በስፋት የሚታወሰው ግን የዳኛ ዊልያም ዳግላስ የልዩነት ሐሳብ ነው። መርከብና ኩባንያ በሕግ ፊት እንደ ሰው ከቆሙ፣ ወንዝም በውስጡና በዳርቻው ስላለው ሕይወት ሁሉ ከሳሽ ሆኖ ሊቆም ይገባል አሉ። ሐሳቡን ያገኙት የሕግ መምህሩ ክሪስቶፈር ስቶን ዛፎች ክስ የማቅረብ መብት ሊኖራቸው እንደሚገባ ከጻፉት ጥናት ነው፤ ስቶን ጥናቱን አፋጥነው ያዘጋጁት ዳግላስ መቅድም በሚጽፉለት የሕግ መጽሔት እትም እንዲወጣ ነበር። በ2017 ኒው ዚላንድ ለዋንጋኑይ ወንዝ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠች። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ ሲዬራ ክለብ ለምኖ ያጣው ይህን ነበር።

ሸለቆውን ያተረፈው ግን የዳግላስ ጽሑፍ አይመስለኝም፤ መዝገቡ የሚያሳየው የጊዜን ሥራ ነው። ክለቡ የግርጌ ማስታወሻውን ተከትሎ ጉዳት የሚደርስባቸውን ሰዎች በመጨመር ክሱን አሻሻለ። ክሱ መጀመሪያ ሲቀርብ ያልነበረ ሕግም በ1970 ሥራ ላይ ውሎ ስለነበር፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይቅረብ ብሎ ጠየቀ። የደን አገልግሎት ግምገማውን ሲያዘጋጅ እስከ 1976 ቆየ። በዚህ መካከል ወጪው ናረ፣ ካሊፎርኒያም አውራ ጎዳናውን ከዕቅዷ አወጣች። መንገድ የሌለው ሪዞርት ደግሞ የሚገነባ አልሆነም። እግዱ በሕግ ተሽሮ ሳለ ለዓመታት አንድም ምሰሶ አልተተከለም።

ሸለቆውን ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ያስገባው ሕግ በምክር ቤት የተገፋው በካሊፎርኒያው ተወካይ በጆን ክሬብስ ነው። ክሬብስ በኅዳር 1978 ምርጫ መቀመጫቸውን አጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 10፣ ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን ፈረሙ። በ2009 በዚያ የሚገኝ ግንባታ የማይደረግበት የዱር ክልል በክሬብስ ስም ተሰየመ።