ዱላን በዘይት ማሸት

ዱላን በዘይት ማሸት ተላጦ፣ ተስተካክሎና ደርቆ የተዘጋጀን ዱላ፣ ከዘራ ወይም መቋሚያ ስስ ዘይት እየቀቡ በእጅ የማሸት የመጨረሻ ሥራ ነው። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ስለሚገባ እርጥበት ቶሎ እንዳይሰርግና ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። በዚህም የመሰንጠቅና የመጣመም ዕድሉን ይቀንሳል። እንደ ቫርኒሽ ወፍራም ሽፋን ስለማይሠራ አይላጥም፤ እጅም አያንሸራትትም።

አካባቢውና አገልግሎቱ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ዞን ይገኛሉ። እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ ዱላ ለመንገድ፣ ለከብት ጥበቃና ለአዛውንት ድጋፍ ያገለግላል። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተልሔም መገኛ ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚሁ አገር ይገኛል። በማኅሌት ካህናትና ደብተራዎች ለረጅም ሰዓት ቆመው የሚደገፉት መቋሚያ የእጅ ላብ ስለማይለየው በደንብ መታሸት ይኖርበታል።

እንጨቱ

ወይራ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዘይት የሚጠጣው በዝግታ ነው። ክትክታ ጠንካራና ለዱላም ለመሣሪያ እጀታም የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ የውጭ ቆዳው ልሙጥ በመሆኑ ዘይት እምብዛም አይቀበልም።

የቅባት ዓይነት

ቅቤና ሞራ ዱላውን ያለሰልሳሉ፤ ነገር ግን ስለማይደርቁ አቧራ ይይዛሉ፣ ሲቆዩም ይሸታሉ። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚጠጥር ለዚህ ሥራ ይመረጣል። የኑግ ዘይት በሁለቱ መካከል ነው፦ ይደርቃል፣ ግን ከተልባ ይዘገያል።

አሠራር

1. እርጥብ እንጨት ዘይት በደንብ ስለማይቀበል ዱላው በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ይደርቃል።
2. በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ብናኙም ይጠረጋል።
3. ጥቂት ዘይት በመዳፍ ወይም በጥጥ ጨርቅ ተይዞ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ እስኪሞቅ ይታሻል። ሁለቱ ጫፎች ዘይት አብዝተው ስለሚጠጡ ይደገምላቸዋል።
4. ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ያልሰረገው ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ይህ ከታለፈ ዱላው ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል።
5. አየር በሚያገኝበት ቦታ ተሰቅሎ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ያልተፈላ የተልባ ዘይት ብዙ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል።
6. ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይደገማል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ደጋግሞ አሳስቶ መቀባት ይሻላል።

ጥንቃቄ

የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። በተለይ በሣር ክዳን ቤት አደጋው ከባድ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ደጅ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ወይም ውኃ ውስጥ እንዲነከር ይደረጋል። ዘይት ቀድሞ የተሰነጠቀን ዱላ አያጠነክርም፤ ሰው የሚደገፍበት ከሆነ መቀየር አለበት።

እንክብካቤ

ዱላው ሲነጣና ሲደርቅ ተጠርጎ አንድ ጊዜ በስሱ ይታሻል። ወይራ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ የአንዱን ዱላ ዕድሜ ማርዘም ሌላ ቅርንጫፍ ከመቁረጥ ያድናል።