ገማችና ማኅተም፤ የጉዳት ግምት ሥራ በየጁ ምድር

ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ፥ በስተ ምሥራቅ እስከ አፋር ወሰን የተዘረጋውን በየጁ የሚገኘውን የሐብሩን ወረዳ ቆላ ሲመለከት፥ አዝመራና ከብት ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይቆይም። አዝመራና ከብት በተጎራበቱበት አገር ደግሞ የጉዳት ገማች ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ የመድን ወኪል ወይም የጉዳት ገማች ለመሆን የሚሻ ሰው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራውን እንዳይጀምር ሕግ ደንግጎበታል፤ ነገር ግን ሥራው ፈቃዱን በብዙ ዘመን ይቀድመዋልና፥ ታሪኩን ከማሽላው ማሳ መጀመር የሚሻል ይመስለኛል።

በሬ የሰው ማሽላ የበላ እንደ ሆነ፥ ባለማሳውና ባለከብቱ በየበኩላቸው ሽማግሌ ይመርጡና፥ ሁለቱ ሽማግሌዎች የተስማሙበት ሦስተኛ ሰው ተጨምሮ፥ እህሉ ሳይታጨድ ወደ ማሳው ወርደው፥ የተረገጠውንና የተቀጨውን አገዳ ተመልክተው፥ ያልተነካውን ጥግ ማነጻጸሪያ አድርገው፥ ለፍሬ ቢበቃ ኖሮ ስንት ቁና ይወጣው እንደ ነበር ይገምታሉ። ክርስቲያኑ በመስቀል፥ ሙስሊሙ በቁርዓን ምሎ የሚሰጠው ይህ ግምት፥ ሁለቱም ወገኖች ሽማግሌዎቹ ባሉት ሊያድሩ አስቀድመው ዋስ የሚጠሩበት በመሆኑ፥ ይግባኝ ባይከለከልበት እንኳ ይግባኝ ባዩን ያሳፍረው ነበር። ነገሩ ከእህል አልፎ ወደ ደም የደረሰ እንደ ሆነም ወሎዬው አበጋር ወደሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ይሄዳል፤ እነርሱም የሟችን ወገን ከገዳይ ወገን ያስታርቃሉ፥ ካሣውንም ይቈርጣሉ። የዚህ ገማች የምስክር ወረቀት በአገሩ ዘንድ ያለው ስሙ ብቻ ነበረ፤ አንድ ጊዜ አድልቶ የተገኘ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

ዐፄ ምኒልክ፥ ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ መቀለቡን ለማስቀረት፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ዐሥራት እንዲከፈል ካዘዙ ወዲህ ግን ሌላ ገማች መጣ። እርሱ የሚገምተው የጠፋውን ሳይሆን ያለውን ነው፤ የሚላከውም ከተቀባዩ ወገን ነው። ገማቹ መጥቶ ሳያይ አዝመራው ስለማይሰበሰብ፥ የደረሰ እህል በማሳው ላይ ዝናብ ሲመታው፥ ወፍ ሲለቅመው እያየ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን እንግዳ ከአንበጣ ለይቶ ባያየው አይፈረድበትም። ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተክቶ እስኪቀር ድረስ፥ ገማች የሚለው ስም ሁለት ፊት ይዞ ኖረ፤ በአንዱ ፊት የተከበረ ሽማግሌ፥ በሌላው የሚፈራ መልእክተኛ።

መድን በበኩሉ ወደ አገራችን የገባው በባንክና በንግድ በር ነው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1923 ላ ባሎዝ የተባለው የእሳት መድን ኩባንያ በመዲናይቱ የራሱን ወኪል ሾመ፤ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፥ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፥ በዚያው አቆጣጠር በ1951 ተቋቋመ። የፈረንሳይ ሊቃነ ሕግ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድንን ውል በዝርዝር ደነገገ፤ ምዕራፉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ሕጉ ውሉን እንጂ ውሉን የሚሸጠውን ሰው አልመረመረም፤ ወኪሉ ከኩባንያው የውክልና ደብዳቤ ከያዘ ሌላ የሚጠይቀው አልነበረም።

መንግሥት በዚህ ሰው ላይ ዐይኑን የጣለው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1970 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 281 ነው። በዚህ አዋጅ የተቋቋመው የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 15 የአገር ውስጥ ኩባንያዎችን፥ 36 ወኪሎችን፥ 7 ደላሎችን፥ 3 የመድን ሒሳብ ሊቃውንትን፥ 11 የጉዳት ገማቾችን መዝግቦ ፈቃድ ሰጠ። ዐሥራ አንድ ገማች ለአንድ ሰፊ ንጉሠ ነገሥት ግዛት! በዚያው ዘመን በሐብሩ አንድ አጥቢያ ብቻ፥ ሰው ተጠርቶ የሚያምናቸው ሽማግሌዎች ከዚህ ቍጥር አያንሱም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግን ሁለቱን ማወዳደር ፍርድ የሚያዛባ ነው፤ ሽማግሌው ማሽላን እንጂ የተቃጠለ ሞተርን ወይም በመርከብ የረጠበን ጨርቅ ሊገምት አይችልም፥ ከአጥቢያው ውጭም ስሙን የሚያውቅ የለም። ፈቃዱ ያመጣው አዲስ ነገር ይህ ነው፤ የማይታወቅ ሰው በማያውቁት ሰዎች ዘንድ በማኅተም ይታመናል።

ይህ ሥርዐት ሥር ሳይሰድ፥ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰና ሁሉ በአንዱ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለለ። የግል ኩባንያዎች የተመለሱት፥ ፈቃዱንም ብሔራዊ ባንክ እንዲሰጥ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን በወልድያ መንገድ ላይ ለሚሠራው ሾፌርና ለባለመኪናው ሁሉ ግዴታ የሆነው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 559 ምክንያት። ከዚያ ወዲህ ከደሴ መጥቶ በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው መኪና ሁሉ በመስተዋቱ ላይ የሦስተኛ ወገን ስቲከር ለጥፎ ይሄዳል፤ አደጋ ሲደርስም የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ያነሣል፥ ጋራዡ ፕሮፎርማ ይጽፋል፥ ፈቃድ ያለው ገማችም ዋጋውን ይመረምራል። አዋጁ በወጣ ጊዜ ለሞተ ሰው እስከ 40,000 ብር፥ ለጠፋ ንብረት ግን እስከ 100,000 ብር መፍቀዱ፥ የደም ዋጋ ሲቈርጡ ለኖሩት አበጋሮች እንግዳ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም። ስለዚህም ነገሩ በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ ኩባንያው በገማቹ ሪፖርት ለሟች ወራሾች ይከፍላል፥ የሾፌሩ ዘመዶችም ሽማግሌ አስቀድመው ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳሉ። የኩባንያው መዝገብ የሽማግሌዎቹን ስም አይጽፍም፤ ሽማግሌዎቹም የኩባንያውን ክፍያ ከዕርቁ አይቈጥሩትም።