ፍርድ ቤትና የሕዝብ ኑሮ በድሬዳዋ

በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ፣ ሌላው ያነሣውን ዱላ አውርዶ ባለበት መቆም ግዴታው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የነጠላቸውን ጫፍ አንድነት ቋጥረው፣ ከአላፊ አግዳሚው መካከል አስተዋይ መስሎ የታያቸውን ሰው ዳኛ ይሆናቸው ዘንድ ይለምኑታል፤ እርሱም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ክርክራቸውን ይሰማል። ችሎቱ አዳራሽ የለውም፤ መዝገብም የለውም። ይሁን እንጂ ባላጋራዎቹ በሰው ፊት እኩል ቆመው ተናገሩ፣ ተሰሙም። ያገራችን ሰው ፍርድ ብሎ የሚጠራው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን መሰማት ነው።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረትም ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው። በቅሎ የቤት ኩራት፣ የሩቅ መንገድ አለኝታ ናት፤ ጭብጦ ግን የመንገደኛ የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ተረተኛው ሁለቱን ሲያነጻጽር የንብረቱን ዋጋ ዘንግቶ አይደለም፤ ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ንብረቱን ማጣቱ ሳይሆን ቃሉ ሳይሰማ መቅረቱ መሆኑን ሊያስረዳ ነው።

የዚህን ነገር እውነተኛነት ለመመርመር የድሬዳዋን ታሪክ ያህል የሚረዳ ምሳሌ ጥቂት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ተቆረቆረች። በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በቀጥተኛ መንገዶቹና በባቡር ኩባንያው ቤቶች ተሠራ፤ በሌላው ወገን መጋላ፣ ገበያውንና ያገሩን ነጋዴ ይዞ ሰፋ። ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዐረቡ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር ይገበያይ ጀመር። ብዙ ገበያ ባለበት ብዙ ክርክር መኖሩ የማይቀር ስለሆነ፣ ማን በማን ላይ ይፈርዳል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት ነገሮች ሁለቱ በአንድ ዓመት የተፈጸሙ ናቸው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴርን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ደግሞ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከሙሴ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል መሠረት ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ዳኛቸው የራሳቸው ቆንሲል ሆነ። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ የተከራከሩ እንደሆነ ግን ኢትዮጵያዊው ዳኛ ቆንሲሉን ከጎኑ አስቀምጦ ያያል፤ ፍርዱም በተከሳሹ አገር ሕግ ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይወጣል። ሌሎችም የውጭ አገር ሰዎች በየመንግሥታቶቻቸው ውል ምክንያት የዚህ መብት ተካፋዮች ሆኑ።

እንግዲህ የዋሂልን ገበሬ በአሳባችን እንመልከት። ማሽላውን ወይም ፍየሉን ወደ ድሬዳዋ ገበያ አውርዶ ሸጠ እንበል። ገዢው ያገሩ ሰው ሆኖ ገንዘቡን ቢከለክለው በሚያውቀው ሕግ ይከሰዋል። ገዢው የውጭ አገር ሰው ከሆነ ግን ቋንቋውን በማያውቀው፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ሕግ ፍርድ ይጠብቃል፤ ዳኞቹ ያልተስማሙ እንደሆነም ነገሩን ተከትሎ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይኖርበታል። ሕጉ መጥፎ ባይሆን እንኳ የሰውዬው ቃል የሚሰማበት ስፍራ ከእርሱ ራቀ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰዎች ላይ ብንጥል እውነተኛ የታሪክ ጸሐፊዎች አንሆንም። ውሉ ራሱ ይህ ሥርዓት የሚጸናው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ መሆኑን ይናገር ነበር። በዚያን ጊዜ ባለ ዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት የሚቆራኝበት፣ ሌባም በሌባ ሻይ የሚፈለግበት ልማድ ገና አልጠፋም። የውጭ አገር መንግሥታትም ይህን ምክንያት አድርገው መብታቸውን አጸኑ። የዚህ ዓይነቱ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ጃፓን በሕጓ መሻሻል ምክንያት ከዚህ ቀንበር የተላቀቀችው በ1899 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በግብፅ የነበሩት ድብልቅ ፍርድ ቤቶች የተዘጉት በ1949 እ.ኤ.አ. ነው።

በሀገራችን ይህ የተለያየ ዳኝነት ያበቃው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤትን፣ የከፍተኛውን ፍርድ ቤትና በሥራቸው ያሉትን አቋቋመ፤ የውጭ አገር ሰዎችም በኢትዮጵያ ወምበር ፊት የሚቆሙ ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችን ፍርድ ቤቶች በሕግ ሲያጸና፣ እንደ ድሬዳዋ ላለ አገር ብዙ ትርጉም ነበረው፤ ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የሚመለከት የሙስሊሞች ክርክር የሚታይበት ስፍራ ታወቀ። ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኛ ተሾመ፤ ገንዘቡ ከ25 ብር ያልበለጠ ክርክርን እንዲያይና እስከ 15 ብር መቀጫ እንዲቀጣ ተፈቀደለት። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ዳኛው ከገበሬው ደጅ መቅረቡ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. በወጡ ጊዜ፣ ውሉ ይጠይቀው የነበረው ሥራ ውሉ ከቀረ በኋላ ተፈጸመ።

ሕግ መጻፉ ብቻ ግን ሰውን አያድንም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ያሉባቸው ስድሳ ያህል ሰዎች በፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በደርግ ውሳኔ ተገደሉ። የተጻፈው ሕግ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ነበር፤ የሚሰማ ዳኛ ግን አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1987 ዓ.ም.፣ የደርግ ባለ ሥልጣኖች ራሳቸው በችሎት ቆሙ፤ ጠበቃ ተሰጣቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ ጥፋተኞች መሆናቸው የተፈረደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ እጅግ ረዘመ ብለው ያማረሩ ብዙዎች ናቸው፤ አላግባብም አልተናገሩም። ነገር ግን ለሌሎች የነፈጉትን መሰማት እነርሱ ማግኘታቸው የፍርድ ቤት ትልቁ ክብር ነው።

ዛሬ ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኙት የገጠር ስፍራዎች አንዷ ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የድሬዳዋ ቻርተርም የከተማ ፍርድ ቤትና የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲኖር አድርጓል። የአገር ሽማግሌዎችም ሥራቸውን አልተዉም። የኢሳ ሶማሌዎች ኸር የተባለው፣ በቃል የሚወረሰው ሕግ፣ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ሽማግሌ የሚያስታርቀውን ሽማግሌ ቢያስታርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽማግሌ ፊት ድምፅዋ ለማይሰማ ሴት ወይም ዘመድ ለሌለው ድኻ የፍርድ ቤቱ በር ክፍት መሆን ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ብዙ ባለ ጉዳዮችን ያያል። አንድ ጎረቤት ስለ ድንበር ክስ አቅርቦ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደረብበት፣ ለመጓጓዣና ለስንቅ ያወጣው ገንዘብ ከመሬቱ ጥቅም ስለበለጠ ክሱን ተወው። ማንም አልፈረደበትም፤ ማንም አልሰማውም። ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ከከተማ ሲመለሱ አግኝቼ «አባባ፣ ነገርዎ እንዴት ሆነ?» ብላቸው፣ «ተፈረደብኝ ልጄ» አሉኝ። አዝኜ ዝም ብል ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጨመሩልኝ፦ «ዳኛው አስተርጓሚ አስጠርቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ባላጋራዬም ባለ ገንዘብ ሲሆን እኔ በቆምኩበት ቆሞ መለሰ። አሁን ወደ ቤቴ ልግባ።»

የተረታው ሽማግሌ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ፤ ያልተረታው ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ ከባለ ድንበሩ ጋር ሰላምታ የለውም። ስለዚህ በወምበር የምንቀመጥ፣ መዝገብ የምንጽፍ፣ ቀጠሮ የምንሰጥ ሁሉ፣ በእጃችን ያለው ወረቀት የአንድ መንገደኛ ጭብጦ መሆኑን ልናስብ ይገባናል።