የውሃ ጨዋማነት በአርቴሚያ ዕድገት ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ

አርቴሚያ በጨዋማ ሐይቆችና በጨው ማምረቻ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር፣ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ አነስተኛ የውሃ እንስሳ ነው። ሙሉ ዕድገቱን ሲጨርስ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከደረቅ እንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በዓለም ዙሪያ ለዓሣና ለሽሪምፕ ጫጩቶች መኖነት ስለሚውል እንቁላሉ በንግድ ረገድ ተፈላጊ ነው።

ደረቁ እንቁላል ለዓመታት ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል። ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው ፅንስ ትሬሃሎስ የተባለውን ስኳር ወደ ግሊሰሮል ይለውጣል። ግሊሰሮሉም ውሃ እየሳበ ቅርፊቱን ያፈነዳዋል። የአካባቢው ውሃ ጨው በጨመረ ቁጥር ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው ግሊሰሮል ስለሚበዛ እጩ የሚወጣው ስንቁ ቀንሶ ነው። ከባሕር ውሃ ጋር በሚቀራረብ፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ባለውና በሞቀ ውሃ ውስጥ እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ጨው ከመጠን ሲያልፍ ግን ብዙው ሳይፈለፈል ይቀራል።

እጩ ትርፍ ጨውን በአንገቱ ላይ በሚገኝ ልዩ አካል፣ ያደገው አርቴሚያ ደግሞ በስንጥቡ አማካይነት ያስወግዳል። ይህ ተግባር ለዕድገት ሊውል የሚገባውን ኃይል ይሻማል። በተጨማሪም በጣም ጨዋማ ውሃ አነስተኛ ኦክስጅን ስለሚይዝ እንስሳው በደሙ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ለመጨመር ይገደዳል። ሁኔታው ሲመች ሴቷ እጮችን በሕይወት ትወልዳለች፤ ሲከፋ ደግሞ ክፉ ጊዜን የሚያሳልፉ እንቁላሎችን ትጥላለች።

በዩናይትድ ስቴትስ ዩታ ግዛት የሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠናቀቀው የባቡር መንገድ ግድብ ሐይቁን ለሁለት በመክፈሉ ሰሜናዊው ክፍል ጨው ከመጠን በላይ በዝቶበት ለአርቴሚያ መኖሪያነት የማይመች ሆኗል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ በጎርፍ ሲሞላ በአንጻሩ የደቡቡ ክፍል ጨዋማነት በእጅጉ ቀነሰ። በዚህም አርቴሚያን የሚመገቡ የውሃ ትኋኖች ተራቡ፤ የአርቴሚያው ቁጥርም ተመናመነ። ጨው አርቴሚያን የሚፈትነውን ያህል ከጠላቶቹም ይከላከልለታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሐይቁ ወለል ከምንጊዜውም በላይ ዝቅ በማለቱ የደቡቡ ክፍል ጨዋማነት ወደ 19 በመቶ ደረሰ። በዚህም ሳቢያ አርቴሚያውና እርሱን የሚመገቡት ፍልሰተኛ አዕዋፍ ለአደጋ ተጋልጠው ነበር። የሚመለከታቸው አካላት በባቡሩ ግድብ መተላለፊያ ላይ ያለውን የውሃ ማገጃ ከፍ በማድረግ ከሰሜን የሚገባውን ጨው የገደቡ ሲሆን፣ በ2023 የቀለጠው ከፍተኛ በረዶም ጨዋማነቱን ቀንሶታል።

ለአርቴሚያ ዘላቂ ሕልውና ወሳኙ ወደ ሐይቁ የሚገቡ ወንዞች ውሃ ለመስኖና ለሌላ አገልግሎት ሲጠለፍ በቂ ድርሻ ለሐይቁ እንዲተርፍ ማድረግ ነው።