የስድስት ሜትሯ ሚናራ



የስዊዘርላንዱ የሚናራ ውዝግብ እ.ኤ.አ. በ2005 ቫንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀመረ። አንድ የቱርኮች የባህል ማኅበር በሚሰገድበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ 6 ሜትር ያህል የምትሆን ሚናራ ለማቆም ፈቃድ ጠየቀ። ጎረቤቶች ተቃወሙ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2007 ለማኅበሩ ተፈረደለት፤ ሚናራዋም በ2009 ቆመች።

ከእርሷ ጋር በአገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ከአንዳቸውም አዛን ወደ ውጭ አይሰማም። ታዲያ ምኑ አስፈራ? ተቃዋሚዎቹ «የፖለቲካ ሥልጣን ምልክት ነው» አሉ። ቢላል (ረ.ዐ.) አዛን ያደርግ የነበረው ሚናራ ሳይኖር ከቤት ጣሪያ ላይ እንደነበር የነገራቸው ያለ አይመስልም።

በፍርድ ያጡትን በድምፅ ፈለጉት። መንግሥትና ፓርላማው፣ የካቶሊክ ጳጳሳትና የአይሁድ ማኅበረሰብም እገዳውን መቃወማቸውን መመስከር ይገባናል። ሆኖም ኖቬምበር 29 ቀን 2009 ድምፅ ከሰጡት 57.5 በመቶው ደገፉት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72ም ተጻፈ። ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባት ጄኔቫ ግን እምቢ አለች።

ሙስሊሞች ወደ ስትራስቡርግ አቤት ቢሉም ፍርድ ቤቱ በ2011 «እናንተ ራሳችሁ ሚናራ ልትሠሩ አላሰባችሁም» ብሎ አልተቀበላቸውም። እገዳው ወደ ኋላ ስለማይሠራ የቫንገኗ ሚናራ አልፈረሰችም።