ማን ወሰነ? የታዳጊዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርትና የግሡ ባለቤት

የሰዋስው መምህር ድርጊቱን የፈጸመውን «ባለቤት»፣ ድርጊቱ ያረፈበትን «ተሳቢ» ብሎ ያስተምራል። አንዲት የገጠር ልጅ ከአሥር እስከ ሃያ ዓመቷ የሚደርስባትን ለመናገር የምንጠቀምባቸውን ግሦች እስቲ እንደርድራቸው፤ ታጨች፣ ተዳረች፣ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ከተማ ብትገባም ሰዋስዉ አይለቃትም፤ የሰፈሩ ጎረምሳ «ጠበስኳት» ይላል፣ እሷ «ተጠበሰች» ትባላለች። ወንድ ልጅም እንደሚዳር፣ ሴትም «አገባች» እንደምትባል አልዘነጋሁም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን ግን «አገባች» የሚል የለም። ወንዱ «አጨ፣ ጠለፈ፣ ደፈረ፣ ጠበሰ» የሚሉ የራሱ ግሦች ሲኖሩት፣ የእሷ ግሦች «ተ» የሚል ባዕድ መነሻ እየተለጠፈባቸው ይመጣሉ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ትምሰል እንጂ ድርጊቱ የሌላ ሰው ነው።

«ደፈረ» ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ አንዱ ቃል ጀግንነትንም በደልንም ተሸክሟል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» የተባለው በዚሁ መንታ ፍች ነው። በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ፣ ድፍረቱ የማን እንደነበረ መበየን ለተመልካቹ ይቀራል።

ይህን ያነሣሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ስለ ፍቅር ግንኙነትና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና «ጤናማ ውሳኔ እንዲወስኑ ታዳጊዎችን ማስተማር» የሚለው ዓላማ፣ የሚወስን ሰው መኖሩን አስቀድሞ ይገምታል። ትምህርቱ ያንን ሰው ሳይፈልግ ከጀመረ፣ ውሳኔው በእጇ ያልሆነን ልጅ ስለ ውሳኔ ሲሰብክ ይውላል።

የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ቁጥሮች በዚህ ዓይን እንያቸው። ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸሙት 16.6 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ ግማሾቹ ያገቡት ደግሞ 17.1 ሳይሞላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ዓመት ብቻ መሆኑ፣ ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ግንኙነት የመጣው ከሠርጉ ጋር እንደነበር ያመለክታል። በወንዶች ዘንድ ተመጣጣኞቹ ቁጥሮች 21.2 እና 23.7 ናቸው። እንግዲህ «እስከ ጋብቻ ታገሡ» የሚለው ምክር ለማን ነው የሚሰጠው? ከልጅቱ በብዙ ዓመት ለሚበልጠው ሰው ትርጉም ይኖረው ይሆናል። ለእሷ ግን አደጋው ራሱ ጋብቻው ነው። የ2000 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ሕጉ ልጅቱን ይጠብቃታል፤ እንዴት እንደምትወስን ማስተማር ግን የሕግ ሥራ አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ በአብዛኛው የባዮሎጂ ክፍል ላይ ወድቋል። የአካል ክፍሎች ሥዕል፣ የኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች፣ የወር አበባ ዑደት። በሁለተኛ ደረጃ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑ መምህሩን ከእፍረት ያድነዋል። በአማርኛ ቢሆን ያለን ምርጫ ወይ የሐኪም ቤት ቃል ነው፣ ወይ ስድብ፤ በመካከል፣ አንዲት ልጅ ለእናቷ ልትናገርበት የምትችለው ቃል እምብዛም አልተበጀም። እንግሊዝኛው ግን እፍረቱን ሲጋርድ ጉዳዩንም ይጋርደዋል። ከዚያው ከ2016ቱ ጥናት እንደምንረዳው፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶቹ 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። የፀረ ኤድስ ክበብ ሚኒ ሚዲያ ሲጮህ ያደግን ሁሉ ይህን ቁጥር ስናይ ማፈር ይገባናል።

ለነገሩ ዕውቀቱ ቢሟላስ? ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ታዳጊዎች፣ ወጣቶችና አዋቂዎች በኮምፒውተር ላይ መኪና የሚነዱበት ጨዋታ ተጫወቱ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ማቆም ወይስ ትንሽ መግፋት? ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ የታዳጊዎቹ ድፍረት በብዙ ጨመረ፤ አዋቂዎቹን ግን የጓደኛ መኖር አልለወጣቸውም። ታዳጊዎቹ ቢጫ መብራት ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ለየብቻ በተቀመጡበት ወረቀት ላይ የሚመልሱት ጥያቄ፣ ቅዳሜ ማታ በጓደኛ ልደት ላይ የሚያደርጉትን አይተነብይም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ጥናት የኬንያው ነው። ፓስካሊን ዱፓ የተባሉት የኢኮኖሚ ባለሙያ በምዕራብ ኬንያ 328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ይዘው ሁለት ዓይነት ትምህርት በዕጣ መደቡ። በአንደኛው መምህራን ብሔራዊውን የኤች አይ ቪ ሥርዓተ ትምህርት እንዲያስተምሩ ሠለጠኑ፤ የዚያ ትምህርት ዋና መልእክት ከጋብቻ በፊት መታቀብ ነበር። በሁለተኛው፣ በ71 ትምህርት ቤቶች፣ አንድ እንግዳ ሰው ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የ40 ደቂቃ ቆይታ አደረገ። አጭር ቪዲዮ ካሳየ በኋላ በአቅራቢያቸው ባለች ከተማ የኤች አይ ቪ ሥርጭት በዕድሜና በጾታ ምን እንደሚመስል ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው። አታድርጉም፣ አድርጉም አላለም። ልጃገረዶቹ ግን በቁጥሩ ውስጥ ማንም ያልነገራቸውን ነገር አዩ፤ ስጦታና የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጠው፣ ሥራና ቤት ያለው፣ «አስተማማኝ» የሚመስለው ትልቅ ሰው፣ አብሯቸው ከሚማረው ልጅ እጅግ የበለጠ አደጋ ይዞ ይመጣል። እኛ ሹገር ዳዲ የምንለው ነው።

ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። የመምህራኑ ሥልጠና የታዳጊዎችን እርግዝና አልቀነሰም። የ40 ደቂቃው ቆይታ ግን በዓመት ውስጥ በ28 በመቶ ቀነሰው፤ ከአምስት ዓመት በላይ ከሚበልጡ ወንዶች የተገኘውማ በ61 በመቶ ወረደ። ወላጆች እንደሚፈሩት ልጃገረዶቹ በዚያ ፈንታ ከእኩዮቻቸው ማርገዝ አልጀመሩም። እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ «ተጠንቀቂ» የሚለው ምክር ሁሉን ወንድ አንድ ያደርጋል፣ ምርጫን ያጠፋል። ንጽጽር ግን ምርጫን ይፈጥራል። የእኛ ትምህርት አደጋን እንደ ነጎድጓድ ከሰማይ ሲያወርደው፣ የዱፓ ሰሌዳ አደጋው ከማን ጋር እንደሚመጣ አሳየ። ልጅቱ በራሷ ጉዳይ ላይ አመዛዛኝ ሆነች።

መረጃ ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ የሚያሳየውን ደግሞ ከጎጃም እናገኘዋለን። በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በሚባለው ቀበሌ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም ተካሄደ። ልጃገረዶች በአሠልጣኝ ሴቶች እየተመሩ በቡድን ይገናኙ ነበር፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እስክሪብቶ፣ ላልገቡት መሠረተ ትምህርት ነበረው፤ ወላጆችና ሽማግሌዎች የሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይትም ነበረ። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት በፕሮግራሙ ያቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ አንዲት ፍየል ይሰጠው ነበር።

ፍየሏ ብዙ አዲስ አበቤን ታስቃለች። የገጠር አባት ልጁን የሚድረው በጭካኔ ነው ብለው ለሚያስቡ እንዲያውም ስድብ ትመስላለች። እኔ ግን ከመላው ፕሮግራም ብልኅ የሆነችው ፍየሏ ትመስለኛለች። ጥሎሽ፣ የዘመድ ቃል ኪዳን፣ «ልጅህ ቤት ቀረች» የሚለው የጎረቤት ወሬ፣ ሁሉም አባቱን በአንድ በኩል ይጎትቱታል። ፍየሏ በሌላው በኩል ለመቆም ሰበብ ትሰጠዋለች፤ ለጠያቂ ዘመድ «ፍየሏ እስክትመጣ» ማለት፣ «ልጄ ራሷ ትወስን» ከማለት እጅግ ይቀላል። ይሉኝታ ባለበት አገር ሰበብ ትልቅ ነገር ነው።

አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ እኩዮቻቸው አንድ ዐሥረኛ ብቻ ነበር። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን በፕሮግራሙ ቀበሌ በዝተው አግብተው ተገኙ። ይህን ሁለተኛ ውጤት ብዙ ጸሐፊ በዝምታ ያልፈዋል። እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፤ ቤተሰቡ ጋብቻውን አዘገየው እንጂ የውሳኔውን ወንበር ለልጅቱ አልለቀቀም። አሥራ አምስት ሲሞላት ሰበቡ አለቀ። ቢሆንም በዚያው ግምገማ የወሊድ መከላከያ አጠቃቀም ማደጉ፣ ካገቡትም መካከል አንዳንዶቹ ቢያንስ አንድ ግሥ የራሳቸው እንዳደረጉ ይነግረናል።

መታቀብ ብቻ ይበቃል የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ የተካሄዱ አራት የመታቀብ ፕሮግራሞች በ2007 እ.ኤ.አ. ሲገመገሙ፣ የተማሩትም ያልተማሩትም በእኩል ዕድሜ ግንኙነት ጀምረው ተገኙ። መታቀብ በሃይማኖትም በጤናም የተከበረ ምርጫ ነው፤ ግን ምርጫ የሚሆነው የሚመርጥ ሲኖር ነው። የነፍስ አባትና አክስትም ለዘመናት ያደርጉት የነበረው ለብቻ ጠርቶ ማነጋገር፣ ከአዳራሽ ስብከት ይልቅ ለዚህ የቀረበ ይመስለኛል።

የቀረው «እምቢ» ነው። በሴት ልጅ አፍ «እምቢ» የጨዋነት መግቢያ ተደርጎ ተወስዷል፤ ጨዋ ልጅ መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ወንዱ ደግሞ ወንድነቱን በመጽናት ያሳያል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ እውነተኛው እምቢታና የወጉ እምቢታ አንድ ድምፅ አላቸው። ልጅቱ እሺ ማለት ስለማትችል እምቢታዋም ዋጋ ያጣል። «እምቢ በይ» ብለን ሴቶችን ብቻ ስናሠለጥን የምናጠነክረው ይህንኑ ወግ ነው። ልምምዱ የሚያስፈልገው ከወንዶቹ ጋር ነው፤ «እምቢ» ሲባል ማቆም፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ አለመጎትጎት፣ ጓደኞቹ ሲስቁበት የሚመልሰውን ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት። የወንጀል ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ትልቅ ሰው የሚፈጽመውን ግንኙነት፣ እሺ ብትልም እንኳ፣ ወንጀል እንደሚያደርገው (አንቀጽ 626) ስንት ወንድ ተማሪ ከክፍል ውስጥ ሰምቷል? ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተላለፈው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት የተሻለ ያደረገው ነገር ይህ ነበር፤ ሰሚው ገጸ ባሕርያቱ ሲያመነቱ፣ ሲሳሳቱና ሲመለሱ ሳምንት ከሳምንት ተከታተለ፤ ወንዱም በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ አብሮ ተቀምጦ ነበር።

የፈተና ጥያቄዎቻችን ግን ዛሬም «የኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶችን ዘርዝር» ይላሉ። በምትኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይታየኛል፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ጓደኛህን፣ ታክሲ የሚነዳ የ30 ዓመት ሰው በየቀኑ በነጻ ያደርሳታል። ትናንት ስልክ ገዛላት። ዛሬ ደግሞ፣ ቅዳሜ እንገናኝ አላት። እሷ ምን ምን ምርጫዎች አሏት? እያንዳንዱ ምርጫ ምን ያስከፍላታል? ስልኩን ብትመልስ ለእናቷ ምን ትላለች? አንተስ ምን ትላታለህ?» ለዚህ ጥያቄ የመልስ ቁልፍ አይዘጋጅለትም፤ መምህሩም ለማረም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይኖርበታል።