ነጭ ዱቄት ሁሉ ኖራ አይደለም

በመልክ የሚመሳሰሉ ነጭ ማዕድናት በኬሚካላዊ ይዘታቸው በተለያዩ ምድቦች ይከፈላሉ፤ አገልግሎታቸውም ይለያያል።

የኖራ ድንጋይ፦ ዋና ይዘቱ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ከካርቦኔቶች ይመደባል። ተፈጭቶ ሲበተን የአፈርን አሲዳማነት ይቀንሳል። በእሳት ሲቃጠል ግን ወደ ካልሲየም ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ይህ ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

ጂፕሰም፦ ውኃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ለጄሶና ለሲሚንቶ ሥራ፣ እንዲሁም ሶዲየም የበዛበትን አፈር ለማከም ይውላል። ካልሲየም ቢኖረውም አሲዳማ አፈርን ለማከም ኖራን አይተካም።

ዲያቶማይት፦ ዲያቶም የተባሉ ደቂቅ የውኃ አልጌዎች ቅሪት ሲሆን፣ አብዛኛው ይዘቱ ሲሊካ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ይገኛል። ለእህል ጥበቃ የተዘጋጀው ዓይነት የነቀዝን ገላ የሚሸፍነውን ሰም በመምጠጥ ነፍሳቱን አድርቆ ይገድላል፤ እህሉ እርጥበት ካለው ግን ኃይሉ ይደክማል። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ በሥራ ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

መለያ፦ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት የኖራ ድንጋይ ዱቄት አረፋ ያወጣል፤ ንጹሕ ጂፕሰምና ዲያቶማይት አያወጡም። ያልበረደ ኖራ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ዱቄት ግን በዚህ መንገድ አይፈተንም። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄትም ከእህል ጋር አይቀላቀልም።